ብረት ቱቦ ለመቁረጥ የትኛው መጋዝ ይሻላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያለው መልስ ጓሮው ወይም ጋራዡ ውስጥ መደርደሪያ፣ አልጋ፣ ትንሽ በር ለሚሠራ ሰው ነው፤ ለፋብሪካ አይደለም።

አንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ብቻ ልግዛ ብል የትኛው ይሻለኛል?

ባለ 115 ሚሊሜትር ትንሿ ግራይንደር። ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ትቆርጣለች። ዲስክ ሲቀየርላት የብየዳ ጉብታ ታስተካክላለች፣ ዝገት ትፍቃለች። ካት ኦፍ ማሽን፣ ማለትም ትልቅ ዲስኩን ከላይ ወደ ታች እየተጫኑ የሚቆርጡበት፣ ከመቁረጥ ሌላ ሥራ የለውም፤ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል።

ግን ከግራይንደሯ በፊት ሞርሳ፣ ማለትም ቱቦውን ነክሶ የሚይዝ ማሰሪያ፣ ግዙ። ብዙ ሰው መጋዙን የሚያማው ቱቦው እየተንቀጠቀጠበት ነው። በእግር የተረገጠ ቱቦ በየትኛውም ማሽን ቀጥ ብሎ አይቆረጥም። ግራይንደር ይዞ ብረት መርገጥ ደግሞ ከነጭራሹ አደጋ ነው። አፉ ከ100 እስከ 125 ሚሊ የሆነ፣ ከጠረጴዛ ጋር በብሎን የታሰረ ሞርሳ ለቤት ሥራ ይበቃል። አዲስና ቀላል ከሆነው አሮጌና ከባዱ ይሻላል። መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ማለት የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ ብቻ አካሉ ተሰንጥቆ በብየዳ የተጠገነ እንዳይሆን አገላብጣችሁ እዩ።

በሴጌቶ (በእጅ የብረት መጋዝ) መቁረጥ ዛሬም ያዋጣል?

እንዴታ! 20 በ20 ሚሊ የሆነ ስስ ቱቦላሬ በደህና ምላጭ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆረጣል። መብራት ቢጠፋ አይቆምም፣ ፍንጣሪ የለውም፣ ጎረቤት አይረብሽም። የተቆረጠው ጠርዝም ከግራይንደር ይልቅ ንጹህ ነው።

የሴጌቶ ስም የጠፋው በርካሽ ምላጭ ምክንያት ነው። ተራው የካርቦን ብረት ምላጭ ቶሎ ይዶለዱማል ወይም ቀጭ ይላል። ባይሜታል የሚባለውን ጠይቁ። ጥርሱ ከጠንካራ ብረት፣ ጀርባው ግን ከሚተጣጠፍ ብረት የተሠራ ነው። ዋጋው ይበልጣል፤ ግን ዕድሜውም ይበልጣል። ስትገጥሙት ጥርሱ ወደ ፊት፣ ማለትም ከእጀታው ርቆ ይይ። በደንብ ወጥሩት። በደቂቃ ከ40 እስከ 50 ጊዜ ያህል፣ ምላጩን በሙሉ ርዝመቱ እየተጠቀማችሁ ግፉ። ስትገፉ ጫን፣ ስትመልሱ ለቀቅ ነው። መሀሉን ብቻ በጥድፊያ የሚፈገፍግ ሰው መሀሉ የሞተ፣ ዳርና ዳሩ አዲስ የሆነ ምላጭ ይጥላል።

ከአሥርና አሥራ አምስት ቁራጭ በላይ ከሆነ ግን ክንድም ይዝላል፣ መስመሩም መዛነፍ ይጀምራል።

ምላጩ ላይ 18፣ 24፣ 32 ተብሎ የሚጻፈው ምንድን ነው?

በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የጥርስ ብዛት ነው። ቱቦ ለሚቆርጥ ሰው ከመጋዙ ማርካ ይልቅ ይህ ቁጥር ይበልጥበታል። ደንቡ ቀላል ነው። በማንኛውም ጊዜ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ጥርስ የቱቦውን ውፍረት መንካት አለበት።

ኢንች 25.4 ሚሊ ነው። ስለዚህ በባለ 18 ምላጭ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.4 ሚሊ ይሆናል። በባለ 24 ከ1 ሚሊ ትንሽ ይበልጣል፣ በባለ 32 ደግሞ 0.8 ሚሊ ነው። አሁን ውፍረቱ 1.2 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ በባለ 18 ለመቁረጥ ሞክሩ። ብረቱ ሁለቱ ጥርሶች መሀል ይገባል፣ ምላጩ ነክሶ ይይዛል፣ ስትገፉት ጥርሱ ይረግፋል። ለስስ ቱቦ ባለ 32፣ ለ2 ሚሊ ባለ 24፣ ለድፍን ብረትና ለፌሮ ባለ 18 ያዙ።

ባለ 32 ቢታጣስ? ሴጌቶውን ዘንበል አድርጋችሁ በቱቦው ገጽታ ላይ አስተኝታችሁ ቁረጡ፤ ብዙ ጥርስ በአንድ ጊዜ ይነካል። ክብ ቱቦ ከሆነ ደግሞ በአንድ በኩል እስከ ታች አትውረዱ። ምላጩ ወደ ውስጥ እንደበሳ ቱቦውን ትንሽ አዙሩና ቀጥሉ። ይህ የጥርስ ሂሳብ ለባንድ ሶውም፣ ማለትም ቀለበት ሆኖ በሚዞር ምላጭ ለሚቆርጠው ማሽን፣ ያው ነው።

ለግራይንደር 1 ሚሊ ዲስክ ነው ወይስ 3 ሚሊ?

ለቱቦ 1 ሚሊ። ስሱ ዲስክ የሚያነሳው ብረት ትንሽ ስለሆነ ፈጥኖ ይቆርጣል፣ ብዙ አያግልም፣ የሚተወው ሹል ጠርዝም አነስተኛ ነው። ወፍራሙ ቶሎ አያልቅም፤ ግን ለድፍን ብረትና ለሻካራ ሥራ ይሁን።

ስትገዙ ሁለት ነገር አንብቡ። አንደኛው ፍጥነት ነው። ባለ 115 ዲስክ ላይ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 13,300 ዙር ተብሎ ይጻፋል፤ ግራይንደሯ ወደ 11,000 ታዞራለች። የዲስኩ ቁጥር ከማሽኑ ቁጥር ማነስ የለበትም። ሁለተኛው ቀን ነው። መሀሉ ላይ ባለችው የብረት ቀለበት ላይ ወርና ዓመት ታትሞ ታገኛላችሁ። ዲስኩን የሚያያይዘው ሙጫ እርጥበት እየሳበ ይዳከማል። ለዚህ ነው ከተመረተ ከሦስት ዓመት በኋላ አትጠቀሙበት የሚባለው። ባለሱቁ «ብረት ምን ይበላሻል?» ካላችሁ አትከራከሩት፤ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

በመቁረጫ ዲስክ ጎን አትሙረዱ። ዲስኩ የተሠራው በጠርዙ እንዲቆርጥ ነው፤ በጎኑ ሲጫኑት ይሰነጠቃል። ለመሞረድ ወፍራሙ የመሞረጃ ዲስክ አለ።

የግራይንደሯን ጋርድ (የዲስኩን መከለያ) ባነሳው ምን ችግር አለው?

ጋርዱን የሚያነሱት አብዛኞቹ ትልቅ ዲስክ ለመግጠም ነው። ባለ 230 ዲስክ የተፈቀደለት ፍጥነት 6,600 ዙር ገደማ ነው። ትንሿ ግራይንደር 11,000 ስታዞረው ይፈነዳል፤ ስባሪው የሚመጣው ደግሞ ወደ ፊትና ወደ አንገት ነው። የእንጨት መቁረጫ ጥርሳም ዲስክ መግጠም ከዚህም ይከፋል፤ ነክሶ ሲያዝ ማሽኑን ከእጅ ነጥቆ ይወረውረዋል። ጋርዱ ይኑር፣ መነጽር ይደረግ፣ ጆሮም ይሸፈን። የተንጠለጠለ ሻሽ፣ ነጠላና ሰፊ እጀታ ከማሽኑ ይራቅ።

ካት ኦፍ ማሽን መቼ ያስፈልገኛል?

አንድ ዓይነት ርዝመት ያለው ብዙ ቁራጭ ሲኖራችሁ። ለምሳሌ የአጥር ዘንግ። መደበኛው ባለ 355 ሚሊ ዲስክ ነው፤ በደቂቃ 3,800 ዙር ገደማ ያዞራል። መጨረሻው ላይ ብረት ማስደገፊያ ካሰራችሁለት እየለካችሁ መቆም አያስፈልግም፤ ቱቦውን እስከ ማስደገፊያው ገፍቶ መቁረጥ ብቻ ነው።

ጉድለቱ ብዙ ነው። ጩኸቱ ከባድ ነው፣ አቧራው ግድግዳ ያጠቁራል፣ ጠርዙ ላይ ወፍራም ሹል ይተዋል። ሲጫኑት ዲስኩ ስለሚታጠፍ ቁርጡ ይዛነፋል። አዲስ ማሽን ላይ እንኳ ማሰሪያው 90 ዲግሪ መሆኑን በስኳድራ ሳታረጋግጡ አትመኑት።

ዲስኩ ራሱ የሚበላው ብረትም አለ። ስድስት ሜትር በርጋ (አንድ ሙሉ ቱቦ) ገዝታችሁ 40 ሳንቲም የሆነ 15 ቁራጭ ልታወጡ አስባችሁ እንበል። በወረቀት ላይ ልክ ይመጣል። ግን 14 ጊዜ ትቆርጣላችሁ፤ በየቁርጡ 3 ሚሊ ሲሄድ 42 ሚሊ ይጠፋል። የመጨረሻው ቁራጭ 36 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። በ1 ሚሊ ዲስክ የሚጠፋው 14 ሚሊ ገደማ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ምልክት በአንድ ጊዜ አትስመሩ፤ አንዱን ቆርጣችሁ ቀጣዩን ለኩ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ በዓመት ሁለትና ሦስት ዕቃ ለሚሠራ ሰው አይገዛም። በሠፈር ያለ በያጅ ለጥቂት ብር ይቆርጥላችኋል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው፤ በረንዳ ላይ መቁረጥ እችላለሁ?

በሴጌቶ አዎ። በግራይንደር ግን ባይሆን ይሻላል፤ ከጩኸቱ በላይ ፍንጣሪው ነው የሚያሳስበው። ሜትሮች ይሄዳል። የመስኮት መስታወት ላይ ሲያርፍ ቀልጦ ይጣበቃል፤ ታጥቦ አይለቅም። ሴራሚክ ላይ የቀረው የብረት ብናኝ ውሃ ሲነካው ዝገት ያትማል። የታች ጎረቤት ያሰጣው ልብስም አለ። መኪና የቆመበት ከሆነ የፊት መስታወቱን አስቡት።

የግድ ከሆነ ግቢ ውረዱ፣ ፍንጣሪው ወደ ባዶ ግድግዳ ይሂድ፣ ስፖንጅ፣ ካርቶንና ነዳጅ ከአካባቢው ይነሳ። ሥራ ስትጨርሱም ቶሎ ጥላችሁ አትሂዱ። በእንጨት ብናኝ ውስጥ የገባ ፍንጣሪ እሳቱ ቆይቶ ነው የሚነሳው።

ባንድ ሶው ለቤት አይበዛም?

ቱቦ መቁረጥ ሳምንታዊ ሥራችሁ ከሆነ አይበዛም። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። አይጮኽም፣ ፍንጣሪ የለውም፣ ቁርጡ ወዲያው በእጅ ይነካል። ትንሹ አግዳሚ ባንድ ሶው በራሱ ክብደት እየወረደ ይቆርጣል፣ ሲጨርስ ራሱን ያጠፋል፤ እናንተ በዚያ መሀል ሌላ ትሠራላችሁ። በጣም የተለመደው የቤት ዓይነት ምላጩ 1,638 ሚሊ ርዝመት፣ 13 ሚሊ ስፋት አለው። ፍጥነቱ ቀበቶ በመቀየር ከሦስት አንዱ ላይ ይደረጋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አንደኛ፣ ለስስ ቱቦ አወራረዱን በጣም ቀንሱት። ክብደቱ እንዳለ ከተለቀቀ ጥርሱ በመጀመሪያው ጠርዝ ላይ ይረግፋል። አዲስ ምላጭ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቁርጦች በቀስታ ይቁረጥ። ሁለተኛ፣ ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት ምላጩ የት እንደሚሸጥ አረጋግጡ። ምላጭ ያጣ ባንድ ሶው የዕቃ መደርደሪያ ነው።

ክብ ቱቦ መቁረጫው፣ እየዞረ የሚያጠብቀው፣ ከመጋዝ አይሻልም?

ለመዳብና ለስስ የመብራት መስመር ቱቦ ይሻላል። ፍጹም ቀጥ ያለ ቁርጥ ይሰጣል። ግን ብረቱን የሚጨፈልቀው ወደ ውስጥ ነው፤ የውስጡ አፍ ይጠብባል፣ በሊማ (በሞረድ) መክፈት ያስፈልጋል። ለቱቦላሬማ ጭራሽ አይሆንም፤ አራት ማዕዘን ላይ አይዞርም።

የእንጨት ሚተር ሶው አለኝ፤ ብረት ይቆርጥልኛል?

ብረት አይቆርጥም። ፍጥነቱ ለብረት በጣም ይበዛል፣ ጥርሱን ያረግፈዋል፣ ትኩስ ፍንጣሪው ደግሞ የማሽኑን ፕላስቲክና ውስጡ የተጠራቀመውን የእንጨት ብናኝ ያገኛል።

አሉሚኒየም ግን ሌላ ነገር ነው። የመስኮትና የበር ሠራተኞች በየቀኑ በዚህ ዓይነት ማሽን ይቆርጡታል። የሚያስፈልገው ለአሉሚኒየም የተሠራ፣ ጥርሱ የበዛ ዲስክ ነው፤ 80 ጥርስና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ቱቦው በደንብ ይታሰር፣ ዲስኩ ላይ ትንሽ ሰም ይቀባ። አሉሚኒየምን በግራይንደር ዲስክ ለመቁረጥ አትሞክሩ። ለስላሳ ስለሆነ ዲስኩ ውስጥ ይሞላል፤ ከዚያ መቁረጡ ይቀርና ማሻሸት ብቻ ይሆናል።

አይዝጌ ብረት እየቆረጥኩ ምላጬ ወዲያው ሞተ። ለምን?

አይዝጌ ብረት ሲታሽ ይጠነክራል። በቀላል እጅ ሲፈገፍጉት ገጽታው እየጠጠረ ይሄዳል፣ ከዚያ ምላጩ ይንሸራተታል። ቀስ ብሎ፣ ግን ጫን ብሎ፣ ሳያቋርጡ መቁረጥ ነው መድኃኒቱ። ጠብ የሚል ዘይትም ይረዳል።

በግራይንደር ከሆነ «ለአይዝጌ» የሚል ዲስክ ለይታችሁ ያዙ። ተራ ብረት የቆረጠ ዲስክ ብናኙን አይዝጌው ላይ ያትማል። ከዚያ «አይዝግም ብለውኝ ዛገ» የሚለው አቤቱታ ይከተላል።

ካት ኦፍ ማሽኔ ላይ ጥርሳም ዲስክ ብገጥምበት ፍንጣሪው አይቀርልኝም?

ይህ ጥያቄ የሚመጣው ካት ኦፍ ማሽንና ለጥርሳም ዲስክ የተሠራው ማሽን በመልክ ስለሚመሳሰሉ ነው። ዲስኩም ያው 355 ሚሊ፣ ቀዳዳውም ያው 25.4 ሚሊ ነው፤ ይገጥማል። ግን ብረት የሚቆርጠው ካርባይድ ጥርስ ያለው ዲስክ በደቂቃ ከ1,300 እስከ 1,500 ዙር ለሚያዞር ማሽን የተሠራ ነው። የእናንተው 3,800 ያዞራል። ጥርሱ ተፈንቅሎ እንደ ጥይት ይሄዳል። መግጠሙ መፈቀዱን አያሳይም።

በዝግታ የሚዞረው ማሽን ለብቻው ይሸጣል፤ ድራይ ከት ይባላል። ቁርጡ ንጹህና ቀዝቃዛ ነው። ማሽኑም ዲስኩም ውድ ነው፤ ዲስኩ ቱቦ ሳይታሰር አንዴ ቢቆርጥ ጥርሱ ያልቃል። ገቢ ለሚያስገባ ሥራ ነው የምመክረው።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ መጋዝ ላከልኝ። እዚህ ይሠራል?

እንዲሁ ከሰካችሁት ይቃጠላል። የአሜሪካ መሣሪያ 120 ቮልት ነው፤ የኢትዮጵያ መብራት 220 ነው። ቮልቴጅ አውራጅ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ ያውም ትልቅ። 15 አምፔር የተጻፈበት መጋዝ 1,800 ዋት ይስባል፤ ሲነሳ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ትራንስፎርመሩ 3,000 ዋት ቢሆን ነው የሚያስተማምነው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ እዚህ አዲስ ግራይንደር ሊገዛ ይችላል።

ቮልቱ ቢስተካከልም የኸርዝ፣ ማለትም መብራቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ ጉዳይ ይቀራል። እዚያ 60 ነው፣ እዚህ 50። ካርቦን ብሩሽ ላለው ሞተር፣ ማለትም ለግራይንደርና ለካት ኦፍ፣ ለውጥ የለውም። ባንድ ሶው ላይ የሚገኘው ብሩሽ የሌለው ኢንዳክሽን ሞተር ግን ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ያህል ይቀንሳል፣ ትራንስፎርመር ላይም ይበልጥ ይግላል። በባትሪ የሚሠራ ከተላከላችሁ መሣሪያው ችግር የለበትም፤ ቻርጀሩን ገልብጣችሁ አንብቡ። 120 ብቻ ካለ ለቻርጀሩ ትንሽ ትራንስፎርመር ይበቃል። እንዲያውም ገና ካልተላከ ባትሪ ይሻላል በሏቸው።

ሁልጊዜ ይዛነፍብኛል። ቀጥ አድርጌ የምቆርጠው እንዴት ነው?

ቱቦላሬ ከሆነ መስመሩን በአንድ ጎን ብቻ አትተዉት። በስኳድራ አራቱንም ጎን ዙሩ፤ የመጨረሻው መስመር ከመጀመሪያው ጋር ካልገጠመ እንደገና። ከዚያ በግራይንደር አንዱን ጎን ብቻ ቁረጡ፣ ቱቦውን አዙሩ፣ ቀጣዩን። ከላይ ገብቶ እስከ ታች ልጨርስ የሚል ሰው ነው ከታች ሦስት ሚሊ የሚዛነፍበት።

ለክብ ቱቦ ጠርዙ ቀጥ ያለ ወረቀት ጠቅልሉበት። የወረቀቱ ሁለት ጫፍ ተደራርቦ ከተገናኘ መስመራችሁ ቀጥ ያለ ነው። በማርከር አስምሩ።

የሚቆረጠው ቁራጭ ነጻ ሆኖ ይውደቅ። በሁለቱም በኩል ተደግፎ መሀሉን ብትቆርጡት ቱቦው ይጎብጥና ዲስኩን ይቆነጥጠዋል፤ ግራይንደር የሚዘለው ያኔ ነው። ረጅሙን በርጋ ደግፉ፣ አጭሩን ልቀቁ።

ክብ ቱቦን ከክብ ቱቦ ጋር ማገናኘት እፈልጋለሁ። አፉን በምን ልቁረጠው?

እዚህ ላይ መጋዝ ብቻውን አያደርስም። የቱቦው አፍ በሌላው ቱቦ ላይ ልክ እንዲቀመጥ ጎድጉዶ መቆረጥ አለበት። ቀላሉ መንገድ ሆል ሶው ነው፤ ትራፓኖ (መሰርሰሪያ) ላይ የሚገጠመው ክብ መጋዝ። ባይሜታል ይሁን፣ በዝግታ ይዙር፣ ዘይት ይንጠብበት። ቱቦው በሞርሳ ይታሰር። ትራፓኖው የቆመ ዓይነት ቢሆን ነው የሚሻለው፤ የእጁ ነክሶ ሲይዝ ክንድ ይጠመዝዛል።

የሆል ሶው መጠን የሚመረጠው በሚቀበለው ቱቦ የውጭ ስፋት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የውሃ ቱቦ ስሙና ልኩ አይገናኝም። «አንድ ኢንች» የሚባለው ቱቦ በውጭ 33.7 ሚሊ ነው እንጂ 25.4 አይደለም። ግማሽ ኢንቹ 21.3 ሚሊ ነው። ስሙን ትታችሁ በካሊፐር ለኩ።

ሆል ሶው ከሌለ በግራይንደር ከሁለቱም በኩል ሰያፍ ቆርጣችሁ የቀረውን በግማሽ ክብ ሊማ ማስተካከል ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ለሁለትና ሦስት መገናኛ ማሽን አይገዛም። እየለካችሁ፣ ወደ ብርሃን እያያችሁ ሞርዱ። ክፍተቱ ከ1 ሚሊ ከበለጠ ወደ ሊማው ተመለሱ። ስስ ቱቦ ላይ «በብየዳ እሞላዋለሁ» ማለት ቱቦውን መብሳት ነው።